ጭንቅላት መጨረሻ ይነሳል

ማስቲሽ ሲሸተኝ ሳላስበው ጭንቅላቴን ዝቅ አደርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቡልጋሪያ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ ያለው ጎሚስታ ቤት አንድ ልጅ ጎማ እየለጠፈ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ያ የሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ሲያቃጥለኝ አገጬ ደረቴ ላይ ተጣበቀ። አጠገቤ የቆሙ ሴትዮ «ምን ወደቀብሽ?» አሉኝና አብረውኝ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። ምንም አልወደቀብኝም ብላቸው አላመኑኝም። ታክሲው እስኪመጣ ድረስ በዣንጥላቸው ጫፍ የኩሬውን ዳር ዳር ሲፈትሹልኝ ነበር።

እውነቱን ብነግራቸው ደግሞ ጭራሽ አያምኑኝም። ያ ሽታ የሚወስደኝ አምስተኛ ክፍል ወደ ጨረስኩበት ክረምት ነው፤ ጋሽ ከድር ተገልብጦ መነሳት ወዳስተማሩኝ ክረምት።

አባቴ ጎሚስታ ነበር። ሱቁ እዚያው ቡልጋሪያ፣ ቤታችን ግን ካዛንቺስ፣ አራት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚካፈልበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። በጋውን የታክሲና የአይሱዙ ጎማ ሲለጥፍ ይከርምና ክረምት ሲገባ ሌላ ሥራ ይመጣለታል። ፈረንጆችን በጎማ ጀልባ የኦሞን ወንዝ የሚያስወርድ አንድ ድርጅት ነበር። ወንዙ የሚወረደው ዝናቡ ሲያበቃ ስለሆነ ጀልባዎቹ የሚጠገኑት በክረምት ነው። የጎማ ጀልባ ለአባቴ ትልቅ ጎማ ማለት ነው። ይነፋዋል፣ የሳሙና አረፋ ይቀባዋል፣ የምትተነፍሰውን ቀዳዳ ፈልጎ ይለጥፋታል። ማታ እጁን በላምባ ታጥቦም ቤቱ በሙሉ ማስቲሽ ማስቲሽ ይላል። እኔ አባት የሚባል ሁሉ እንደዚያ የሚሸት ይመስለኝ ነበር።

ሥራውን የሚያመጡለት ጋሽ ከድር ነበሩ። በራቸው ከእኛ በር ፊት ለፊት ነው። ጸጉራቸው ነጭ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነው። ወንዙ ላይ ከትልልቆቹ ጀልባዎች ቀድመው በአንዲት ትንሽ ጀልባ ብቻቸውን እየቀዘፉ መንገዱን የሚያዩት፣ ከጀልባ የወደቀ ፈረንጅ ካለም ደርሰው የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ «ከድር ኦሞ» ነበር የሚላቸው። እኔ ግን የማውቃቸው በሌላ ነገር ነው። አባቴ ትልቅ ሰው ሲመጣ ጉልበት ካልሳምኩ የሚቆጣ ሰው ነበር፤ ጋሽ ከድር ደግሞ ገና ወገቤን ሳጥፍ ትከሻዬን ይዘው፣ ጉልበታቸው ላይ ሳልደርስ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብለው ያነሱኛል። አንድም ቀን አስነክተውኝ አያውቁም።

ትንሿ ጀልባ ወደ ግቢያችን የመጣችው ሐምሌ ውስጥ ነው፤ የድርጅቱ መጋዘን ያፈስ ነበርና። ላንድሮቨር በሩ ላይ ቆመ። አራት ወንዶች በሸራ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ከጣሪያው አወረዱና በትከሻቸው ተሸክመው፣ ጭቃው እንዳያንሸራትታቸው እግራቸውን እየመረጡ ገቡ። አባቴና ጋሽ ከድር ከፊት ናቸው። ማንም አይናገርም። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ቧንቧው ሥር ልብስ ያጥቡ ነበር። እጃቸውን ከአረፋው አወጡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ «ወይኔ፣ ማንን ነው?» ብለው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

«ኧረ እትዬ፣ ጀልባ ነው፣ ጀልባ» አሉ ጋሽ ከድር ከሸክሙ ሥር።

እትዬ ብርቄ ግን እንባውን አንዴ ጀምረውታል። በከንቱ ከሚቀር ብለው ይመስለኛል፣ ለሞቱት ባላቸው አዙረው ጨረሱት።

ሸራው ሲገለጥ ቢጫ ፕላስቲክ ነው፤ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ መሃሉ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። እግር የሚዘረጋበት ጨለማ ነው። እትዬ ብርቄ እንዳልተሳሳቱ፣ ትልልቆቹ ደግሞ እኔን ላለማስደንገጥ እየዋሹ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ጋሽ ከድር አርጅተዋል፤ የሬሳ ሳጥናቸውን አስቀድመው አሠርተዋል። ለብዙ ቀን እሳቸውን ሳይ ሆዴ ይባባ ነበር።

እትዬ ብርቄ በበኩላቸው ተጽናንተዋል። ቧንቧው ቀናት ጠፍቶ ሲመጣ ባልዲውም ጀሪካኑም በርሜሉም ሞላና ጀልባዋንም እስከ አፏ ሞሏት። ጋሽ ከድር ከሥራ መጥተው ሲያዩ ጀልባዋ ላይ አጎነበሱ።

«ውሃ የማያስገባ ዕቃ ውሃ አያፈስም ብዬ ነዋ» አሏቸው እትዬ ብርቄ። እስኪያልቅ ድረስ ከጀልባ እየቀዳን ሽሮ ሠራን።

ጀልባዋ ባዶ ስትሆን እኔ ገባሁባት። ክረምት ነው፣ ትምህርት የለም፣ ቤቱ ጠባብ ነው። ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ስለተቀመጠች ዝናቡ ከፊቴ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፣ እኔን ግን አይነካኝም። ቆሎዬን ይዤ እዚያ እውላለሁ። አባቴና ጋሽ ከድር አንድ እሑድ ከጎኔ ተቀምጠው ሲያወሩ የሰማሁትም እዚያ ሆኜ ነው። አባቴ የጋሽ ከድርን ቀሚስ ይለጥፋል። ቀሚስ የሚሉት ከወገብ የሚታሰር ጎማ ነው፤ ጠርዙ ተለጥጦ የጀልባዋን አፍ ስለሚገጥም ውሃ አያስገባም።

«የድርጅቱ ፈረንጅ መስከረም ሳይጠባ ሊያየኝ ነው» አሉ ጋሽ ከድር።

«አይቶህ ምን ሊያደርግ?»

«ያምናው ነገር ነዋ። ተገልብጬ መነሳት አቃተኝ፤ ሌሎቹ ባይደርሱ እዚያው ቀርቼ ነበር። ዘንድሮ ፊቱ ተገልብጬ ካልተነሳሁ መሪ ያስይዘኛል። መኪናዋን በመንገድ አዙሬ ድልድዩ ጋ ልጠብቃቸው ነው።»

«ታዲያ መንዳት ምን ይላል? ደረቅህን ትኖራለህ።»

«ወልዴ» አሉ ጋሽ ከድር፣ «ያን ወንዝ ከድልድይ ላይ ቁልቁል ማየት አልችልም። በቃ፣ ያመኛል።»

አባቴ ማስቲሹን እፍ እፍ አለበት። እኔ ግን ደስ አለኝ። ጀልባዋ ሳጥን አይደለችማ። መገልበጥና መነሳት ምን ማለት እንደሆነም ያን ቀን ገባኝ። ማዕበሉ ሲገለብጥህ ጭንቅላትህ ወደ ታች ይሆናል፤ ከጀልባዋ ሳትወጣ፣ በመቅዘፊያህና በወገብህ ብቻ፣ ራስህን ከነጀልባህ መልሰህ ታቀናለህ። ጋሽ ከድር ይህን ያቅታቸዋል ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም። ያምናው ጥፋት የወንዙ ነው።

ጋሽ ከድር ዞር ሲሉ ከጀልባዋ አፍ ብቅ ያለውን ጭንቅላቴን አዩት። ትንሽ አስበው «መገልበጥ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ያን ጊዜ ለማንኛውም ነገር አዎ ነበር የምለው።

መጀመሪያ እዚያው ግቢ ጀመርን። ጀልባዋን ሁለት አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጠው፣ ቀዳዳው ስለሰፋኝ በግራና በቀኝ የፍራሽ ስፖንጅ ጠቀጠቁልኝና ወደ ጎን ያጋድሉኛል። «ወገብሽ ይሥራ፣ እጅሽን ተይው» ይሉኛል። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ይስቃሉ። በሳምንቱ በአባቴ ጓደኛ ፒካፕ ጀልባዋን ጭነን ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው ቁልቁለት ወደ አንድ ሆቴል ወረድን። የዋና ገንዳ ነበረው፤ ውሃው ከመሬት ሥር ሞቆ የሚመጣ። ሰኞ ሰኞ ስለሚጸዳ እንግዳ አይገባም፤ ጠባቂው ደግሞ የጋሽ ከድር ያገር ልጅ ነው። ጀልባዋ እዚያው ቀረች። እትዬ ብርቄ ውሃ በጠፋ ቁጥር ስሟን እያነሱ ይቆጩ ነበር።

ያን ገንዳ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ጠዋት ነው፣ ይበርዳል፣ ያካፋል። ከውሃው ላይ ጭጋግ ይነሳል። ሽታው የክብሪትና የዛገ ብረት ነው። በትምህርት ቤት ቁምጣዬ ሆኜ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ጀልባዋ ውስጥ ስቀመጥ፣ ጋሽ ከድር ውሃው እስከ ደረታቸው ደርሶ አጠገቤ ይቆማሉ።

«ከጨነቀሽ የፊቱን ገመድ ሳቢው፣ ቀሚሱ ይለቅሻል። ያም ካቃተሽ የጀልባዋን ሆድ በእጅሽ ደብድቢ፣ እኔ አቀናሻለሁ።» ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ገለበጡኝ።

መጀመሪያ የመጣው ጸጥታ ነው። ዝናቡም፣ የመኪናው ጡሩምባም፣ የጋሽ ከድር ድምፅም ባንዴ ተቆረጠ። ሙቁ ውሃ ባፍንጫዬ ገብቶ ግንባሬን ከውስጥ አቃጠለኝ። ግቢ ውስጥ የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። የጀልባዋን ሆድ ደበደብኩ፤ ወዲያው ሰማዩ ተመለሰ።

ጋሽ ከድር ሳሌ እስኪያልቅ ጠብቀው «ምን አየሽ?» አሉኝ።

«እ?»

«ከታች። ጨለማ ነው?»

የፈተና ጥያቄ መሰለኝ። ትክክለኛውን መልስ ለመስጠት አሰብኩ። «አይደለም ጋሼ። ዝናቡ ከታች ወደ ላይ ሲመጣ ይታያል።»

መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን አልነገሩኝም። ግን በተገለበጥኩ ቁጥር ይህንኑ ይጠይቁኛል፤ ጨለማ ነው ወይ፣ ትንፋሽሽ ስንት ያህል ቆየ፣ እጅሽ የት ነበር። ቤት ስገባ ደግሞ የእናቴ ጥያቄ ይጠብቀኛል። ፍልሰታ ገብቶ ነበርና ልታቆርበኝ ትፈልጋለች።

«ውሃ ውጠሻል?»

«ባፍንጫ ብቻ ነው የገባው።»

እናቴ ባፍንጫ የገባ ውሃ ጾም ይግደፍ አይግደፍ አታውቅም፤ ቄሱን መጠየቅም አፈረች። ሰኞ ሰኞ ቁርባኑን ትታ ግንባሬን ቫዝሊን ቀብታ ጋቢ ውስጥ ትጠቀልለኛለች።

መነሳቱ ግን አልሆነልኝም። መቅዘፊያው ውሃውን ይይዝልኛል፣ ወገቤ ጀልባዋን ግማሽ ድረስ ያመጣታል፣ ፊቴ አየር ሲነካ ግን ተመልሳ ትጫነኛለች። ሰኞ አልፎ ሰኞ ሲመጣ ያው ነው። አንድ ቀን አለቀስኩ፤ ፊቴ ውሃ ስለሆነ አይታወቅም ብዬ። ጋሽ ከድር አወቁ።

«ማርታ» አሉኝ፣ «ጉልበት ስትስሚ መጀመሪያ የሚነሳው ምንሽ ነው?»

ምኔም አልኳቸው። ሰው ነው የሚያነሳኝ።

«አየሽ። ዝቅ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ቀድመሽ ቀና ብትይ ነውር ነው፣ አባትሽ ይቆጣል። እዚህም እንደዚያ ነው። አየር ሲሸትሽ ቀና አትበይ። ወገብሽ ጀልባዋን ያቅናት፣ ትከሻሽ ይከተላት፣ ጭንቅላትሽ መጨረሻ ይነሳል።»

ጋሽ ከድር ያሉኝን ማድረግ ያቃተኝ ፈልጌ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ሰው ሲታፈን ቀድሞ የሚያነሳው አፉን ነው። ያን ሰኞም አልሆነልኝም። ከቡሄ በኋላ ባለው ሰኞ ግን፣ ውሃው ሥር ሆኜ፣ የማላያቸው ሽማግሌ ፊት የቆምኩ መሰለኝና ግንባሬን ወደ ትከሻዬ አስጠጋሁ። ጀልባዋ ተቃናች። ጆሮዬ፣ ጉንጬ፣ በመጨረሻ አፍንጫዬ ከውሃው ወጣ። ቀና ስል ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነበር። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል። ጋሽ ከድር ግን እንደጠበቅኩት አልሳቁም፤ እኔ እስክፈራ ድረስ ትክ ብለው አዩኝ። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «እስቲ አሁንም።»

ከዚያ በኋላ «ጋሼ፣ እርስዎስ?» እላቸው ጀመር። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞኛል አሉ። ሌላ ጊዜ ቀሚሱ ጠቦኛል። አንድ ጊዜ ደግሞ ጆሮዬን ያመኛል። ሁሉንም አመንኩ። የሒሳብ አስተማሪያችን እንኳን የቤት ሥራ ያዘናል እንጂ አብሮን አይሠራም።

ጳጉሜ ገባች። ፈረንጁ ሊያያቸው ቀናት ቀርተዋል። የመጨረሻው ሰኞ ጋሽ ከድር ሳልጠይቃቸው ቀሚሱን በራሳቸው ወገብ ላይ አሰሩና ጀልባዋ ውስጥ ገቡ። እኔ ጥልቀቱ ለእኔ በሚሆንበት በኩል ቆምኩ። መቅዘፊያውን ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። በርዷቸው ነው አልኩ፤ ውሃው ግን ሙቅ ነው።

«ቢስሚላህ» አሉና ተገለበጡ። ወዲያው፣ ገና መቅዘፊያውን ሳያንቀሳቅሱ፣ የጀልባዋ ሆድ ድም ድም ድም አለ። ሮጬ ያዝኳት፤ አቅሜ አይችልም። ገፋሁ፣ ጮህኩ። ጋሽ ከድር ገመዱን ስበው ከሥር ወጡ፤ እየሳሉ፣ ዓይናቸው ቀልቶ። የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«ጋሼ?»

«አምና ጨለማ ነበር» አሉ ሳይዞሩ። «ጭቃ ውሃ ነው፣ እጄን እንኳ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቴን ውሃ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ውዱእ ሳደርግ እንኳ ፊቴን ቶሎ ነው የማብሰው።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «አንቺን ያስተማርኩሽ ላይሽ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ። ሰው ገብቶ ሲወጣ ማየት ፈልጌ ነው።»

ያን ጊዜ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። ትልቅ ሰው እንደሚፈራ አላውቅም ነበር፤ ማወቅም አልፈለግኩም። ዞሬ ወደ ቤት መሄድ አማረኝ። ግን ከድልድይ ላይ ሆነው ወንዙን ቁልቁል ሲያዩ ታዩኝ። ወጥቼ ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩና እግሬን ውሃው ውስጥ ዘረጋሁ።

«ጋሼ፣ ቀድመው ቀና ለማለት ይቸኩላሉ» አልኳቸው። «ጉልበቴን ይሳሙ።»

ይህን ለአንድ ሽማግሌ የተናገርኩት እኔ መሆኔ እስካሁን ይገርመኛል። ጋሽ ከድር አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፣ ውሃ እስኪውጡ ድረስ ሳቁ። ውሃውን ከጀልባዋ ደፍተው ተመልሰው ገቡና ወደ ጠርዙ ተጠጉ። ጠርዙን ያዙ፣ ወደ ጎን ተጋደሙ፣ ግንባራቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ። ጀልባዋ በወገባቸው ላይ ልትገለበጥ ደረሰች።

«አይነሱ» አልኩ። «ወገብዎ ያምጣት።»

ወገባቸው ጀልባዋን ቀስ አድርጎ መለሳት። ነጩ ጭንቅላታቸው ጉልበቴ ላይ ከብዶ ቀርቷል። የሚያነሳቸው ሰው እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ፤ የተሳመው ሰው እኔ ነኝ። ትከሻቸውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ ሳብ አደረግኳቸው። ሌላ የምለው ስላጣሁ፣ «ይደጉ ጋሼ፣ ይመንደጉ» አልኩ።

ጠባቂው መጥረጊያውን ይዞ ቆሞ ነበር። «ጋሽ ከድር፣ ምን ጉድ ነው?» አለ።

«ሥራህን ሥራ» አሉት።

ደጋግመን ሠራነው። በመጨረሻ ጠርዙን ትተው ወደ መሃል ቀዘፉና ብቻቸውን ተገለበጡ። እኔ ጆሮዬን አቁሜ ድብደባውን ጠበቅኩ። አልደበደቡም። ጀልባዋ ግማሽ መጥታ ወደቀች፣ እንደገና መጣች፣ ወደቀች። ገመዱን ስበው ወጡ። አልተነሱም። ግን ስንሄድ ፊታቸው የከፋው ሰው ፊት አልነበረም።

ፈረንጁ ያያቸው ቀን ልጅ አይገባም ተባልኩ። ማታ ሲመለሱ ከእኛ በር ላይ ሰላም ብለው አልፈው፣ ቤታቸው ገብተው መስገጃቸውን አነጠፉ። አባቴ አልጠየቃቸውም። እናቴም አልጠየቀቻቸውም። የሰው ፊት እየታየ የማይጠየቅ ነገር እንዳለ የተማርኩት ያኔ ነው፤ እኔ ግን ጥያቄውን እንደያዝኩ እንቁጣጣሽን አሳለፍኩ።

ከበዓሉ በኋላ አንድ ጠዋት ላንድሮቨሩ መጣ። ጀልባዋ ጣሪያው ላይ ታስራለች። እትዬ ብርቄ «በርሜሌን ወሰዷት» ሲሉ ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁና ወደ መሪው አየሁ።

መሪውን የያዘው የማላውቀው ወጣት ነው። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ጋሽ ከድር ሻንጣቸውን ይዘው፣ ቀሚሱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከቤታቸው ወጡ። ከአባቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እኔ እንደ ወትሮው ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ አልኩ፤ ትከሻዬን እስኪይዙኝ ጠበቅኩ። አልያዙኝም። ግንባሬ ጉልበታቸው ላይ ደረሰ። ሱሪያቸው ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። አልተነሳሁም።

«ጨለማ ነበር?» አልኳቸው እዚያው ሆኜ።

«አልነበረም» አሉ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ያልሽው ልክ ነው። ዝናቡ ከታች ሲመጣ ይታያል።»

ከዚያ በኋላ ነው አገጬን ይዘው ያነሱኝ።